አንድ ሬሳ፣ አንድ መንደር፣ አንዲት አሮጊት
(ሳቅ አዘል የወንጀል ልብ ወለድ ስለ ተወደደበት ታሪካዊ ምክንያት)

፩. መነሻ

ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስተዋት ነው ሲባል ዘወትር የሚታሰቡት ታላላቆቹ ድርሰቶች ናቸው። ባቡር ውስጥ ተነበው መቀመጫ ላይ ስለሚረሱት መጻሕፍት የሚጽፍ እምብዛም አይገኝም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ እነዚህኞቹ ለመናገር ተነሥተናል። በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው፣ ሽፋናቸው በብዙ እጅ የተላላጠ አነስተኛ መጻሕፍት በረድፍ ተደርድረው ያያል። የሁሉም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በአንድ ጸጥተኛ መንደር አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል፤ ፖሊስ ግራ ይጋባል፤ ሹመትም ደመወዝም የሌላት አንዲት አሮጊት፣ ወይም አንድ ቄስ፣ ወይም አንዲት መጽሐፍ ሻጭ ገዳዩን ታገኛለች፤ አንባቢም ይህን ሁሉ እየሳቀ ያነባል።

አሜሪካኖች ለዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ «ኮዚ» የሚል ስም አውጥተውለታል። በብርድ ቀን ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ እንደ መሞቅ ያለ ምቾት ማለት ነው። ታዲያ ግድያ እንዴት የምቾት ምንጭ ሊሆን ቻለ? ሚሊዮኖች ሲደክማቸው ለማረፍ ስለ ሬሳ የሚያነቡት ስለ ምንድን ነው? ይህ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የፖለቲካም ጥያቄ ነው። መልሱን ከታሪኩ ውስጥ እንፈልገዋለን። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፪. ከከተማ ወደ መንደር

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የከተማና የኢንዱስትሪ ዘመን ልጅ ነው። ለንደን የተደራጀ የፖሊስ ኃይል ያገኘችው በ1829 ሲሆን፣ ወንጀልን ብቻ የሚከታተሉ መርማሪዎች የተመደቡት በ1842 ነው። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በፓሪስ የሚኖር ዱፔን የተባለ መርማሪ የፈጠረበትን አጭር ልብ ወለድ ያሳተመው በ1841፣ አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን ለአንባቢ ያስተዋወቀው ደግሞ በ1887 ነው። ሰው ጎረቤቱን በማያውቅበት ታላቅ ከተማ፣ የእንግዳውን ማንነት ከጫማው ጭቃና ከእጁ ቆዳ የሚያነብ ሊቅ ታየ። አንባቢው ይህን ሊቅ ያደንቀዋል፤ ነገር ግን እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ ብሎ አይመኝም።

ከ1914 እስከ 1918 የተካሄደው የዓለም ጦርነት ይህን ሁኔታ ለወጠው። በ1920 ኖቬምበር 11 ቀን እንግሊዞች ስሙ ያልታወቀ የአንድ ወታደር አስከሬን ከፈረንሳይ አምጥተው ከነገሥታቶቻቸው ጋር በዌስትሚንስተር ቀበሩ። ዘግይቶ በ1932 በቲየፕቫል በተሠራው ሐውልት ላይ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ72,000 በላይ ሰዎች ስም ተቀረጸ። ሞት ቁጥር ሆነ። በእነዚያ ሙታን ላይ «ማን ገደለው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም አልነበረውም። መልሱ አንድ ሰው ሳይሆን መንግሥታቱ፣ ጄኔራሎቹና የመድፍ ፋብሪካዎቹ ነበሩና።

ያ ወታደር በተቀበረበት ዓመት፣ ከቀብሩ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ የአጋታ ክሪስቲ የመጀመሪያ መጽሐፍ በኒውዮርክ ታተመ፤ በተከታዩም ዓመት በለንደን ወጣ። ክሪስቲ በጦርነቱ ጊዜ በትውልድ ከተማዋ በቶርኪ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ ስትሠራ ስለ መርዝ ተምራለች። ቤልጅግ በጀርመን ስትወረር ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝቧ ወደ እንግሊዝ ተሰዶ ነበር፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በቶርኪ ሰፍረው አይታለች። መርማሪዋን ኤርኩል ፑዋሮን የፈጠረችው ከነዚህ ስደተኞች ነው። ይህን ለአንባቢዎቻችን ማስታወስ የሚገባ ይመስለናል። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እጅግ ከታወቁት መርማሪዎች አንዱ ስደተኛ ነው። እንግሊዞቹ በአነጋገሩና በጢሙ ይስቁበታል፤ እርሱም የባዕድነት ጠባዩን ሆን ብሎ ያጋንነዋል፤ የተናቀ ሰው ፊት ማንም አይጠነቀቅምና።

በዚህ መጽሐፍና ከእርሱ በኋላ በመጡት ውስጥ ሞት እንደገና አንድ ሆነ። ሬሳው ስም አለው፤ የሞተበት ሰዓት ይታወቃል፤ የመጨረሻ ምሳውን ከማን ጋር እንደበላ ይጠየቃል። አሊሰን ላይት የተባለች ተመራማሪ በ1991 ባሳተመችው ጥናት የዚያን ዘመን የወንጀል ልብ ወለድ ከሕመም የሚያገግም ሰው ንባብ ብላዋለች። እኛም በዚህ እንስማማለን፤ ነገር ግን አንድ ነገር እንጨምርበታለን። አንባቢውን ያሳረፈው የነገሩ ቅለት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሞት መልስ ይገባዋል የሚለው ተስፋ ጭምር ነው።

፫. ሹመት የሌላቸው መርማሪ

ሳቁና ምርመራው ፍጹም የተዋሐዱት በሚስ ማርፕል ነው። በአጭር ልብ ወለድ የታዩት በ1927 ሲሆን፣ በሙሉ መጽሐፍ የመጡት «ግድያ በቄሱ ቤት» በሚለው የ1930 ድርሰት ነው። ያላገቡ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ሹራብ የሚሠሩና አትክልት የሚኮተኩቱ የመንደር ሴት ናቸው። አትክልቱ ጎረቤትን ለመመልከት ሰበብ ነው፤ ወፍ ለማየት የተገዛው የርቀት መነጽርም እንዲሁ።

ታሪኩን የሚተርከው የመንደሩ ቄስ ነው። ገና ከመጀመሪያው፣ በምሳ ገበታ ላይ፣ ኮሎኔል ፕሮዘሮ የተባለውን ሰው የሚገድል ቢገኝ ለዓለም ውለታ በዋለ ነበር የሚል ቃል ያመልጠዋል። ብዙም ሳይቆይ ኮሎኔሉ በዚያው ቄስ የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ለምርመራ የሚመጣው ኢንስፔክተር ስሙ ስላክ ነው፤ በቋንቋቸው ልልና ዘገምተኛ ማለት ነው። ሰውየው ግን ከስሙ በተቃራኒ አንድ ቦታ አያርፍም፤ ሌላው ተናግሮ ሳይጨርስ ይደመድማል፤ አሮጊቶችንም አይሰማም። አንባቢው የሚስቀው በሟቹ ሳይሆን በዚህ ሹም ነው። እዚህ ላይ ሳቁ ፖለቲካዊ ሥራ ይሠራል። ማዕረግ ያለውን ዝቅ፣ ማዕረግ የሌላትን ከፍ ያደርጋል።

የሚስ ማርፕል ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ በሚባልበት አገር ያደገ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ታላቁ ባለጸጋ ሲዋሽ ባዩ ጊዜ፣ አንድ ቀን የመንደሩ ተላላኪ ልጅ እንዴት እንደዋሸ ያስታውሳሉ፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሻገራሉ። ሎርድም ይሁን ሥጋ ሻጭ የሰው ጠባይ አንድ ነው ይላሉ። በመደብ በተከፋፈለ አገር ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

ሌላም አለ። በዚሁ መጽሐፍ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ቀርበው ገዳዩ እኔ ነኝ ብለው ይናዘዛሉ። ሆኖም መናዘዛቸው ብቻ ነገሩን አይዘጋውም። ቃላቸው ከሰዓቱ፣ ከሐኪሙ ምስክርነትና ከተገኘው ማስረጃ ጋር ይመዘናል። «አምኗልና ጨርሱት» የሚል የለም።

በ1930 በለንደን የተቋቋመው የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበርም አባላቱን ያስምል የነበረው ለመርማሪው የታየውን ፍንጭ ከአንባቢ እንዳይደብቁ ነው። መሐላው በራስ ቅል አጽም ፊት በቀልድ የሚፈጸም ቢሆንም ቁም ነገሩ ግልጽ ነው። ማስረጃው ለሁሉም እኩል ይቀርባል፤ ማሰብ የሚችል ሁሉ መፍረድ ይችላል። በ1935 ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ የመጀመሪያዎቹን አሥር ርካሽ መጻሕፍት በስድስት ፔንስ ሲያወጣ፣ ከአሥሩ ሁለቱ የወንጀል ልብ ወለዶች ነበሩ። አንዱ የክሪስቲ፣ ሁለተኛው የዶሮቲ ሴየርስ። እኩልነቱ ከገጹ ወደ ዋጋውም ተሸጋገረ።

፬. ከበሩ ውጭ የቀሩት

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ሌላውን ወገን ሳንናገር ብናልፍ ሚዛን እናጓድላለን። ይህ መንደር የከበርቴውና የንዑስ ከበርቴው መንደር ነው። ኮሎኔሉ ኮሎኔል የሆነው የት ዘምቶ ነው? የአክስቲቱ ገቢ ከየትኛው የሻይ ወይም የጎማ እርሻ ይመጣል? መጽሐፉ አይጠይቅም። በቅኝ ግዛቶቹ የሚወድቀው ሬሳ ወደ ሳሎኑ አይገባም። ካህኑ ሮናልድ ኖክስ በ1929 ለዚህ ሥነ ጽሑፍ ካወጣቸው አሥር ሕጎች አንዱ፣ ቻይናዊ በታሪኩ ውስጥ አይግባ የሚል ነበር። ሕጉ የታለመው ወንጀልን ሁሉ በቻይናዊ ላይ በሚለጥፉ ርካሽ መጻሕፍት ላይ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም እነማን በክፍሉ ውስጥ እንደሌሉ ያመለክተናል።

በሳሎኑ ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ እኩል አይታዩም። የቄሱ ቤት ገረድ ምግብ አበላሺ በመሆኗ እንስቃለን፤ ኮሎኔሉ በዳኝነቱ ያሳሰረው ድሃ አዳኝም ከሚጠረጠሩት መካከል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገመዱ አይታይም። በብሪታንያ የነፍሰ ገዳይ ስቅላት የታገደው በ1965፣ የተሻረውም በ1969 ነው። ስለዚህ በእነዚህ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚያዘው ሰው ሁሉ ወደ ስቅላት የሚሄድ ነው። ምቾቱ የሚጠበቀው መጽሐፉ ከዚያ በፊት ስለሚዘጋ ነው።

ሆኖም የዚህ ሥነ ጽሑፍ ምርጥ ድርሰቶች ይህን በር ራሳቸው ሲያንኳኩ እናያለን። ሴየርስ በ1937 ባሳተመችው መጽሐፍ ቀልደኛው መርማሪ ያጋለጠው ሰው በሚሰቀልበት ንጋት ተሰብሮ ሲያለቅስ አሳይታለች። ክሪስቲ በ1953 ባወጣችው ድርሰት ደግሞ አንድ ባለጸጋ ነጋዴ በመርዝ ይሞታል፤ ግላዲስ የምትባል ገረድም ታንቃ ትገደላለች፤ ገዳዩም በአፍንጫዋ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ሰክቶ ያላግጥባታል። ፖሊሱን ያስጨነቀው የባለጸጋው ሞት ነው። ሚስ ማርፕል ግን በባቡር ተሳፍረው የመጡት ስለ ግላዲስ ነው። ከወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ወጥታ የቤት ሥራ ያስተማሯት ልጅ ነበረች። የተቆጡት ስለ ሞቷ ብቻ አይደለም፤ ስለ መቆንጠጫውም ነው። ድሃይቱ በሞቷ እንኳ መቀለጃ መሆኗ ነው የቆረቆራቸው። ሳቅ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ይህ መጽሐፍ ያውቃል።

፭. አምባገነኖችና ቢጫ መጻሕፍት

አብዮተኞችም ይህን ሥነ ጽሑፍ ንቀው አላለፉትም። አንቶኒዮ ግራምሺ በ1926 በፋሺስቶች ከታሰረ በኋላ በወኅኒ በጻፋቸው ደብተሮች ውስጥ የወንጀል ልብ ወለድ ስለ ምን ሕዝብ ዘንድ እንደተስፋፋ መርምሯል። የሰው የዕለት ኑሮ መተማመኛ ያጣ ነው፤ ነገ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሰው በግድ ከተጫነበት አስቀያሚ ጀብዱ ሸሽቶ በፈቃዱ ወደ መረጠው ውብ ጀብዱ ይሄዳል የሚል ነው ሐሳቡ። ኤርነስት ማንዴል የተባለው የቤልጅግ ማርክሲስትም በ1984 ስለዚህ ሥነ ጽሑፍ ማኅበራዊ ታሪክ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ከበርቴው ኅብረተሰብ ሥርዓቱ የሚያመነጨውን ወንጀል የአንድ ሰው ክፋት አድርጎ እንደሚያቀርብ አሳይቷል፤ ይህንንም ሲጽፍ እነዚህን መጻሕፍት እንደሚወዳቸው አልደበቀም።

ግራምሺን ባሰረችው ኢጣልያ ሞንዳዶሪ የተባለው አሳታሚ ከ1929 ጀምሮ የወንጀል ልብ ወለዶችን በቢጫ ሽፋን ያወጣ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ኢጣልያኖች የወንጀል ልብ ወለድን «ቢጫ» ይሉታል። የሙሶሊኒ መንግሥት ተከታታዩን በ1941 አዘጋው። በፋሺስት አገር ወንጀል የለም መባል ነበረበትና፣ ወንጀልን የሚጠይቅ መጽሐፍ አላስፈለገም። ያ መንግሥት ከዚያ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ያደረገውን እኛ እናውቃለን። ግራዚያኒም በኋላ በኢጣልያ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የተጠየቀው ከጀርመኖች ጋር ስለ መተባበሩ እንጂ ስለዚያ እልቂት አልነበረም።

አሜሪካዊው ሃዋርድ ሄይክራፍት በዚያው በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ የምርመራ ልብ ወለድ የሚያብበው ሕግ ማስረጃ በሚጠይቅበት በዲሞክራሲ አገር ብቻ ነው ብሏል። ቅኝ ገዥዋን ብሪታንያ ላየ ሰው ይህ አባባል ራስን ማሞገስ አለበት። ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው። አምባገነን ይህን ሥነ ጽሑፍ የሚፈራው ስለ ሬሳው አይደለም፤ ማንም ተራ ሰው «ይህን ማን አደረገው?» ብሎ እንዲጠይቅ ስለሚያስለምድ ነው።

ሥነ ጽሑፉ ዛሬም አልሞተም። «ግድያ ብላ ጻፈች» የሚለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርሰት ከ1984 እስከ 1996 በ264 ክፍሎች ታይቷል፤ ባለታሪኳ ባሏ የሞተባት ጡረተኛ መምህርት ናት። አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ በ1998 መርማሪዋን በቦትስዋና አኖራት፤ ሴትዮዋ የአባቷን ከብት ሸጣ ጋቦሮኔ ላይ ቢሮ ትከፍታለች። ሪቻርድ ኦስማን በ2020 መርማሪዎቹን ከጡረተኞች መኖሪያ አወጣቸው። በሁሉም ዘንድ የተረሳው ሰው፣ ያረጀው፣ ባል የሞተባት፣ ማየት የሚችል ሆኖ ይገኛል።

፮. አውጫጭኝ

እነዚህ መጻሕፍት የሚደመደሙበት ሥርዓት የታወቀ ነው። የተጠረጠሩት ሁሉ በአንድ ክፍል ይሰበሰባሉ፤ መርማሪው እየዞረ ማስረጃውን ይዘረዝራል፤ በመጨረሻም ጥፋተኛው በስሙ ይጠራል። አባቶቻችን ይህን ቢያዩ «አውጫጭኝ ነው» ባሉ ነበር። በእኛም አገር ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ሜዳ ይሰበሰብ፣ አጥፊው እስኪታወቅም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር። ሥርዓቱ ብዙ ጉድለት ነበረበት። ንጹሑን ከሥራው ያስተጓጉላል፤ ለቂመኛም መንገድ ይከፍታል። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው። ይህም የፈሰሰ ደም የሁሉም ጉዳይ ነው፣ እስኪጠራም ድረስ ማንም ቤቱ አይገባም የሚል ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ይህ እምነት ተገለበጠ። ሕዝቡ በቀበሌ አዳራሽ ተሰበሰበ፤ ራሳችሁንና ሌላውን አጋልጡ ተባለ። በወንበር ላይ የተቀመጠው ግን ገዳዩ ነበር፤ ለጥያቄ የተሰበሰቡት ንጹሐን። ሬሳ በአደባባይ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት ተጣለ። ወላጅ የልጁን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ተጠየቀ፤ ማልቀስም ተከለከለ። በእንግሊዙ መንደር ገዳዩ ይደበቃል፣ ሟቹ ይታያል፤ በእኛ ከተሞች ገዳዩ በአደባባይ ፎከረ፣ የሟቹ ስም ተደበቀ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ባሳተመ ማግሥት መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በ1976 ዓ.ም. ደራሲው ራሱ የደረሰበት ጠፋ። ለእርሱ ደጁን ያንኳኳ መርማሪ በዚያ ዘመን አልተገኘም።

ይሁን እንጂ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ደርግ በ1991 ከወደቀ በኋላ በ1992 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ችሎቱ በ1994 ተከፈተ፤ በ2006ም መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ። የጅምላ መቃብሮች ተቆፈሩ፤ ከአርጀንቲና የመጡ የአጽም ባለሙያዎች የሙታንን ማንነት ለመለየት ሠሩ። ከማስረጃዎቹም መካከል ደርጉ ራሱ የጻፋቸውና የፈረመባቸው ወረቀቶች ነበሩ። ፍንጩ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ጠያቂ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። በዚያ ችሎትም ሹመት የሌላቸው ሰዎች ቀርበው መሰከሩ። ልጃቸው በየትኛው ሌሊት፣ ምን ለብሶ እንደተወሰደ የሚያስታውሱ እናቶች ነበሩባቸው።

እንግዲህ የእነዚህ መጻሕፍት ማራኪነት ምስጢር ይህ ይመስለናል። የሚያስቁን ሞትን ስለሚያቀልሉ አይደለም፤ አንድን ሞት እንኳ ሳያጣሩ ስለማይለቁ ነው። የሰጡት ተስፋ ጠባብ ነው፤ ለአንድ አገር፣ ከዚያም ውስጥ ለአንድ መደብ የተቆረጠ ነው። ስለ ጥበቱ እንነቅፈዋለን፤ ተስፋውን ግን ለእንግሊዝ መንደር ብቻ ትተን አንሄድም። በየስደት አገሩ ያለን ተማሪዎች ከታላላቆቻችን የሰማነው ብዙ ነው። ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ የወሰደው መኪና ዓይነት፣ በር ላይ የቆመው ሰው መልክ። ይህን የሚነግሩን ሰዎች በዕድሜ እየገፉ ነው። በሚቀጥለው በዓል አብረናቸው ስንቀመጥ ደብተር ይዘን እንቀመጥ፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንደነበረ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም ከነስሙ እንጻፈው።